ግድግዳው ቺፑድ ነው እኮ

ለዝግጅት ክፍሉ

ሰላም ናችሁ፣ ስለ ክላውድ (በኢንተርኔት ስለሚከራይ ሰርቨር) ያወጣችሁትን አነበብኩት፣ አሪፍ ነው ግን ቨርቹዋል ማሽን (አንድ ሰርቨር ውስጥ በሶፍትዌር የሚፈጠር ኮምፒውተር) ውስጥ ያለ ሰው በምንም ተአምር ወደ ሌላው አያልፍም ብላችሁ የዘጋችሁት ነገር አላስቻለኝም፣ እኔ እንጀራዬ ሰርቨር ማስተዳደር ስለሆነ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

አንድ ግቢ ውስጥ በቺፑድ የተከፋፈለ የኪራይ ቤት አርጋችሁ አስቡት። ተከራዩ ጎረቤት እንዳይገባ ፕሮሰሰሩ ራሱ ይጠብቃል፣ እሱ እውነት ነው። ግን አከራይየው፣ ማለትም የሆስቱ (ቨርቹዋል ማሽኖቹን የያዘው ሰርቨር) ከርነል፣ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ በየጊዜው ገባ እያለ የተከራዩ ሜሞሪ ላይ የሚጽፈው ነገር አለ። ኬቪኤም በሚባለው የሊኑክስ ቨርቹዋል ማሽን ማስኬጃ ላይ ለምሳሌ ሰዓት አለ። ጌስቱ፣ ማለትም ተከራዩ ቨርቹዋል ማሽን፣ ሰዓቱን እዚህ የሜሞሪ አድሬስ ላይ ጻፍልኝ ይላል፣ ሆስቱ 32 ባይት ይጽፍለታል። ቦታውን የሚመርጠው እንግዲህ ተከራዩ ነው፣ ተከራዩ ደግሞ ሌባ ሊሆን ይችላል።

በፈረንጆቹ 2013 የተገኘው ሲቪኢ 2013-1796 የሚባለው ቀዳዳ ይሄው ነበር (ሲቪኢ ለደህንነት ቀዳዳ የሚሰጥ መለያ ቁጥር ነው)። አንድ ፔጅ፣ ማለትም ሜሞሪው የሚከፋፈልበት ቁራሽ፣ 4096 ባይት ነው፣ ጌስቱ ተንኮል አስቦ ከ4090 ጀምረህ ጻፍልኝ ቢል 6 ባይት ብቻ ፔጁ ውስጥ ይገባል፣ የቀረው 26 ባይት ቀጥሎ ያለው የሆስቱ ፔጅ ላይ ይፈሳል፣ የማን ይሁን የማን። ሰዓት ልስቀል ብሎ የመታው ሚስማር ቺፑዱን በስቶ ጎረቤት አልጋ ጋ ወጣ ማለት ነው። ማስተካከያው ደግሞ ያስቃል፣ አድሬሱ ለ32 ካልተካፈለ አልጽፍም የሚል አንድ ቼክ ነበር፣ 4096 ለ32 እኩል ስለሚካፈል ከዛ በኋላ ድንበር የሚያልፍበት መንገድ አልነበረም። በዛው ሰሞን ሌላም ተገኘ፣ ሆስቱ ፔጁን አንዴ ይዞ ሁሌ እዛው ላይ ይጽፍ ነበር፣ ተከራዩ ክፍሉን ለቆም አከራዩ በድሮ ቁልፍ እንደሚገባው በሉት። አሁን የሜሞሪው ካርታ ተቀይሮ ከሆነ አድሬሱን እንደገና ሳያጣራ አይጽፍም፣ የጻፈበትንም ፔጅ ይመዘግባል፣ ካልመዘገበ ማሽኑ እየሰራ ወደ ሌላ ሰርቨር ሲዛወር አሮጌው ኮፒ ነው የሚሄደው።

ይሄን ሁሉ የምዘባርቀው ለምንድነው፣ የኛ ሰው ፓች (ቀዳዳ መድፈኛ ማስተካከያ) ሲባል ጌስቱን ብቻ ነው የሚያስበው፣ ቀዳዳው ያለው ግን ሆስቱ ላይ ነው። በፊት የሰራሁበት ቦታ አለቃዬ ሆስቱ ሁለት አመት ሙሉ ሪስታርት ሳይደረግ ቆየ ብሎ ለእንግዳ ሁሉ ያሳይ ነበር፣ እኔ ደግሞ ከኋላ ቆሜ ሁለት አመት ያልገባለትን የከርነል ፓች በሆዴ እቆጥራለሁ። አንድ እሁድ ማታ ለግማሽ ሰአት እናጥፋው ብዬ ስለምነው ደንበኛ ይጮህብናል አለኝ።

በሚቀጥለው እትማችሁ ያቺን አረፍተ ነገር ብታስተካክሏት ደስ ይለኛል።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ