ፊልጶስ ከየት ጀመረ?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። ካቶሊክ ነኝ፤ ወላጆቼ ከእምድብር ናቸው። ጎረቤቶቼ ኦርቶዶክስም፣ ጴንጤም፣ ሙስሊምም ናቸው። ገበያ ሲቀዘቅዝ ወሬያችን ሃይማኖት ነው። ድሮ ቡና ይዘን ነበር የምናወራው፤ አሁን አንዱ ስልኩን ያወጣና የቲክቶክ ክርክር ይከፍታል። የእኛም ልጆች ገብተውበታል። «አንተ ጴጥሮስ ነህ» የሚለውን ማቴዎስ 16፡18ን ለጠየቃቸውም ላልጠየቃቸውም ይወረውራሉ።

«እናንተ ካቶሊኮች መጽሐፍ ቅዱስ ታነባላችሁ እንዴ?» የሚለኝ ብዙ ነው። በግዕዝ ሥርዓት ቅዳሴያችን ጳውሎስ፣ ሐዋርያትና ወንጌል ሳይነበብ ቀርቶ አያውቅም። የግዕዝ አዲስ ኪዳን ራሱ መጀመሪያ በማተሚያ የታተመው ሮም ነው፤ በ1548 እና በ1549 እ.ኤ.አ.፣ በደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ በአባ ተስፋ ጽዮን ድካም። ይህን ስነግራቸው ይገረማሉ። ግን እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ በብዙዎቻችን ቤት ከመጽሐፉ ይልቅ መቁጠሪያው ነው ከእጅ የማይለየው። የካቶሊክ ጳጳሳት የተሰበሰቡበት ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 እ.ኤ.አ. የቅዱሳት መጻሕፍት በር ለምእመናን ሁሉ ወለል ብሎ ይከፈት ብሏል። በሩ ተከፍቷል፤ ገቢው ነው ያነሰው።

አንድ ጴንጤ ጎረቤቴ ስለ እመቤታችን ጠየቀኝ። አልተከራከርኩም። ሉቃስ ምዕራፍ 1ን አወጣሁና መልአኩና ኤልሳቤጥ ለእርሷ የተናገሩትን፣ ቁጥር 28ን እና 42ን፣ አያይዘህ አንብብ አልኩት። አነበበና «ይሄማ የእናንተ ጸሎት ነው» አለ። በጸሎቱ መጨረሻ «ለምኚልን» የምንለው ላይ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ቡናው ግን አልተቋረጠም።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ያለውን የአገራችንን ጃንደረባ ሁላችንም እንኮራበታለን፤ ፊልጶስን ግን ብዙም ልብ አንለውም። ሮጦ ደረሰ፤ ሰውየው ሲያነብ ሰማ፤ «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ብሎ ጠየቀ። ሠረገላው ላይ የወጣው ሰውየው ሲለምነው ነው። ከዚያ ያዘጋጀውን ጥቅስ አላወጣም። ሰውየው ከያዘው ከኢሳይያስ ጀመረ። እምነታችንን ለሌላው ማካፈል ማለት ለእኔ ይሄ ነው። ጴጥሮስም በ1ኛ መልእክቱ 3፡15 መልስ ለመስጠት ተዘጋጁ ሲል በየዋህነት ይሁን ብሏል። ልጆቻችን ዝግጅቱን ይዘዋል፤ የዋህነቱ ላይ ገና ናቸው።

እንዲህ የሚያስተምራቸው ሰው ያስፈልጋል። ለቁምስና (ለአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን) ካህናት አንድ ልመና አለኝ። የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናቱ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን የሚመጡት ጡረተኞች ብቻ ናቸው። እኛ ሱቅ የምንዘጋው 12 ሰዓት ነው፤ ልጆቹም ከሥራና ከትምህርት የሚወጡት ያን ጊዜ ነው። ወደ 12 ሰዓት ተኩል ይዛወርልን። ጴንጤው ጎረቤቴም መጥቶ ልስማ ብሏል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሶማሌ ተራ ነጋዴ፣ አዲስ አበባ