ስለ ሰማያዊው ድንጋይ ለደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

በቅርቡ በብር ጉትቻና በአንገት ጌጥ ላይ ማድረግ የጀመርነውን ሰማያዊ ድንጋይ ብዙዎቻችሁ ወዳችሁታል። ቀለበት ሥሩልን ያላችሁንን ግን እንቢ ብለናል፤ ምክንያቱን ልናስረዳችሁ ይገባል።

ድንጋዩ ክሪሶኮላ ይባላል። የመዳብ ማዕድን ከመሬት ገጽ አጠገብ በአየርና በውሃ ሲበሰብስ፣ መዳቡ ከሲሊካ (የአሸዋ ዋና ንጥረ ነገር) እና ከውሃ ጋር ተዋሕዶ የሚፈጥረው ነው። ሰማያዊነቱም ከመዳቡ የመጣ ነው። አረንጓዴ መስመር ካያችሁበት ብዙ ጊዜ አብሮት የሚገኘው ማላካይት የተባለ ሌላ የመዳብ ማዕድን ነው። እዚሁ ሰሜን ሸዋ የሚወጣው የከበረ ድንጋይ፣ የመዘዞ ኦፓል ዘመድ ነው ወይ የሚሉን አሉ። አይደለም፤ ኦፓል መዳብ የሌለበት ሲሊካና ውሃ ነው። ይኼኛው የመጣው ከኮንጎ ስለሆነ የሰሜን ሸዋ ድንጋይ ነው ብለን አንሸጥላችሁም።

ችግሩ ልስላሴው ነው። ከ1 እስከ 10 በሚቆጥረው የሞዝ የጥንካሬ መለኪያ፣ ክሪሶኮላ አብዛኛውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5 ነው። የሰው ጥፍር 2.5 ያህል ነው፤ በመንገድ አቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ግን 7 ይደርሳል። ስለዚህ ዕቃ የሚያጥብ፣ ሊጥ የሚያቦካ እጅ ላይ ከዋለ አቧራው ብቻ ይቧጭረዋል። ካልሰዶኒ በሚባል ጠንካራ የኳርትዝ ዓይነት ውስጥ ገብቶ የጠነከረ ዓይነት አለ፤ እሱ ለቀለበት ይሆናል፤ ዋጋው ግን ሌላ ነው፣ እኛም ዘንድ የለም።

ሌላው ጠባዩ ፈሳሽ መምጠጡ ነው። ጥሬውን ምላስ ላይ ቢያስነኩት ይጣበቃል። ፀጉራችሁን ቅቤ በተቀባችሁ ቀን ጉትቻውን አውልቁት፤ ቅቤው ከገባበት ቀለሙ ይለወጣል። ሽቶም ተቀብታችሁ ሲደርቅ ነው ማድረግ። ከሁሉም በላይ አደራ የምንላችሁ ሎሚን ነው። ብር በሎሚና በአመድ ማሸት የቆየ ልማዳችን ነው፤ ለዚህ ድንጋይ ግን አሲዱ መዳቡን ያሟሟዋል፣ አመዱም ይፍቀዋል። በለስላሳ እርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ ወዲያው አድርቁት።

እንዳይሰነጠቅ ሬዚን (የሚደርቅ ሙጫ) እንዲጠጣ የተደረገ ድንጋይም እንሸጣለን፤ ይህንን ደረሰኙ ላይ እንጽፍላችኋለን።

ጌጡ ተሰብሮ ሌላ አንጥረኛ ጋ ከወሰዳችሁት፣ ከመበየዱ በፊት ድንጋዩን እንዲያወጣው ንገሩት፤ እሳት ከነካው ውሃውን አጥቶ ይጠቁራል። ብሩ ብቻ ከጠቆረባችሁ ደግሞ ወደ እኛ አምጡት፤ ድንጋዩን ሳንነካ በነፃ እናጸዳላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር
የብር ሥራ ቤታችሁ፣ ደብረ ብርሃን