ሐሙስ ሕዝብ ፊት ለምትቆመው ልጄ

ለውድ ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽን ይስጥልኝ። እኛ ደኅና ነን፤ የአባትሽ ጉልበት እንደነበረው ነው፣ በእርሱ አታስቢ።

ዩኒቨርሲቲያችሁ ስለ ጥናትሽ ያወጣውን መግለጫ ወንድምሽ በስልኩ አሳየኝ። «ለስኳር ሕመም ተስፋ የተጣለበት መድኃኒት ተገኘ» ይላል። ከበላዩ ነጭ ጋዋንሽን ለብሰሽ ፈገግ ያልሽበት ፎቶ አለ። አባትሽ ደስታውን መቻል አቅቶት ለጎረቤት ሊያሳይ ተነሣ። እኔም ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ይህን እንድታውቂልኝ እፈልጋለሁ። ከዚያ ግን እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ሙከራው በአይጦች ላይ መሆኑ የተጻፈው ወደ ታች ወርዶ፣ ብዙ ሰው ማንበቡን የሚተውበት ቦታ ላይ ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሐሙስ አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጠው ሰው የሙያ ባልደረባሽ አይደለም። መርፌውን በቦርሳው ይዞ የሚመጣ አለ። ልጇ ሕመሙ እንዳለበት ገና በዚህ ሳምንት የተነገራት እናት ትኖራለች። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንሽ፦ አይጥ ላይ ያየሽውን፣ አይጥ ላይ ነው ያየሁት በዪ። ንግግርሽን ስትጀምሪ በዪው፤ ሰዓቱ አልቆ ሰው ኮቱን ሲያነሣ አይደለም።

የእቴቴን ነገር ታውቂያለሽ። የምታውቂው ግን መጨረሻውን ነው፤ ወንበሯንና ከጎኑ ተደግፎ የሚቆመውን ክራንች። መጀመሪያውን አልነገርንሽም፣ ትንሽ ነበርሽ። ኪኒኑ ስኳሯን መቆጣጠር ሲያቅተው ሐኪሟ ኢንሱሊን ጀምሪ አላት። በዚያው ሰሞን መርፌን የሚያስቀር መድኃኒት ተገኘ የሚል ዜና ጋዜጣ ላይ ወጣ። ቆርጣ አስቀመጠችው። አጣጥፋ የቀጠሮ ካርዷ ውስጥ ነበር የምታኖረው፤ ሰው በመጣ ቁጥር ስትዘረጋውና ስታጥፈው ማጠፊያው ላይ ሳስቶ ወዲያ ማዶ ያሳይ ነበር። «አዲሱ እስኪመጣ ልታገሥ» ትላለች። እግሯ ላይ የወጣችው ቁስል አልድን ስትል ሆስፒታል ወሰድናት። ሐኪሙ ቁራጩን ተቀብሎ እንደቆመ አነበበውና የመጨረሻዋን መስመር በጣቱ አሳየኝ። ሙከራው የተደረገው በእንስሳት ላይ ነው ትላለች። አንዲት መስመር! እቴቴ ፊደል የቆጠረች ሴት ነበረች፤ እዚያ ድረስ ግን አልዘለቀችም፣ የፈለገችውን ከላይ አግኝታለቻ። እግሯን ከጉልበቷ በታች ቆረጡት። ያንን ጥናት የሠሩት ሰዎች ስለ እርሷ ሰምተው አያውቁም። ክፉዎች ነበሩ አልልም፤ እንዳንቺ ሌሊቱን ቤተ ሙከራ ውስጥ ያነጉ ሰዎች ይሆናሉ። ነገር ግን እስከ ዛሬ ይታወሱኛል።

ይህ የእናት ፍርሃት ብቻ ነው እንዳትዪ። እ.ኤ.አ. በ2014 የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 20 የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች ያወጧቸውን 462 የጤናና ተዛማጅ ጥናቶች መግለጫ፣ በአንድ በኩል ከጥናቶቹ በሌላ በኩል ከዜናዎቹ ጋር አስተያይተው ነበር። መግለጫው ራሱ የእንስሳቱን ውጤት ለሰው አድርጎ ሲያቀርብ፣ ከዜናዎቹ 86 በመቶው ያንኑ ማጋነን ይዘው ወጡ። መግለጫው ልኩን ሲጠብቅ ግን ያጋነኑት ዜናዎች 10 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ጋዜጠኛው ነው ያበላሸብኝ ማለት አያዋጣም፤ ነገሩ የሚጣመመው ገና ከእናንተ ደጅ ሳይወጣ ነው። ደግሞም ማጋነኑ ዜናውን በብዙ ቦታ እንዲወጣ ስለመርዳቱ ያገኙት ማስረጃ እምብዛም ነው።

ነገ ጠዋት የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ድረስ ሂጂ። በስልክ አይሁን። «በአይጦች» የሚለው ርእሱ ላይ ይግባ በያቸው። ቅር ቢላቸው ይበላቸው፤ ከሥሩ የተጻፈው የአንቺ ስም ነው።

ውጤትሽንም በመቶኛ ብቻ አትናገሪ። እ.ኤ.አ. በ1995 የብሪታንያ የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴ አንድ ዓይነት የወሊድ መከላከያ ኪኒን የደም መርጋትን ዕድል እጥፍ ያደርጋል ብሎ አስጠነቀቀ። እጥፍ መሆኑ እውነት ነበር። ነገር ግን ከ7,000 ሴቶች የአንዷ የነበረው አደጋ የሁለት ሆነ ማለት ነው። ሴቶቹ የሰሙት እጥፍ መባሉን ብቻ ስለነበር ብዙዎቹ ኪኒኑን አቋረጡ፤ በተከታዩ ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ ወደ 13,000 የሚገመት ተጨማሪ ጽንስ ማቋረጥ ተፈጸመ። እርግዝና ራሱ ግን ከኪኒኑ የበለጠ ደም የሚያረጋ ነው። ስለዚህ ከስንቱ ስንት፣ ከምን ተነሥቶ ምን ደረሰ፣ ይህን አስቀድሚ። ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ትንሽ ነው በዪ።

አትናገሪ እያልኩሽ አይደለም፣ ልጄ። ሕዝቡ በግብሩ ያስተማረሽ ነው፤ የሠራሽውን ማወቅ መብቱ ነው። እንግሊዛዊው የሳይንስ ሊቅ ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1860 መጨረሻ ለንደን ላይ ለልጆች ስድስት ትምህርት የሰጠው ስለ አንድ የሚነድ ሻማ ነበር። ልጆቹ ፊት እያነደደ፣ እየሞከረ አሳያቸው። አንቺም ያየሽውን አሳዪ፤ የአይጦቹ ስኳር መውረዱን የሚያሳየው ሥዕል ላይ ተረጋግተሽ ቁሚ፣ ስትደነቂም ይይሽ። ከዚያ የቀረውን መንገድ ንገሪያቸው፦ መጀመሪያ በጥቂት ሰዎች ላይ ጉዳት እንደሌለው ይታያል፣ ቀጥሎ መጠኑ ይፈተሻል፣ ከዚያ ካለው መድኃኒት ጋር በብዙ ሰዎች ላይ ይነጻጸራል፣ ይህም ዓመታት ይፈጃል። ሰው ላይ መሞከር ከጀመሩት መድኃኒቶችም ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ፈቃድ ሳያገኙ ይቀራሉ። ይህንን ከአንቺ አፍ የሰማ ሰው መድኃኒቱ ነገ ቢቀር አያዝንብሽም።

እደግመዋለሁ፣ ደጋግሜም እልሻለሁ፦ አይጥ ላይ ያየሽውን አይጥ ላይ ነው በዪ። ጭብጨባው ሲደምቅ፣ ካሜራው ሲቀርብ፣ አለቃሽ ከፊት ተቀምጦ ሲስቅልሽ፣ ያኔም በዪው።

ንግግርሽን እስከ ማክሰኞ ማታ ላኪልኝ። ለአባትሽ ጮክ ብዬ አነብለትና ያልገባው ቦታ ላይ አሰምርበታለሁ። ረቡዕ በጊዜ ተኚ። መድረክ ላይ ውኃ መኖሩን ቀድመሽ አረጋግጪ፤ ስትጨነቂ ጉሮሮሽ ይደርቃል። «መድኃኒቱ መቼ ይደርስልኛል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መነሣቱ አይቀርም። መልሱን አስቀድመሽ በወረቀት ጽፈሽ ያዢ፤ መርፌውንም ሆነ ኪኒኑን ሐኪሙን ሳያማክር እንዳያቆም በግልጽ ንገሪው። ማይክሮፎኑ ሲጠፋ ደግሞ ወርደሽ አጠገቡ ሄደሽ ድገሚለት።

እናትሽ