የንባብ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ «እሱ ግን ምን ሠራ?»

የንባብ ክበባችን ዘንድሮ ያነበባቸው መጻሕፍት ከአምናው ያንሳሉ። ክርክሩ ግን በዝቷል። የክበቡ ተጠሪ መምህር እንደመሆኔ ይህን የምጽፈው በደስታ ነው።

ዓመቱን በቆጠራ ጀመርን። በቤተ መጻሕፍታችን የልጆች መደርደሪያ ላይ ያሉትን ተረቶችና ታሪኮች አባላቱ ተከፋፍለው ወሰዱ። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ቅጽ ይሞላል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ማን ነው? ችግሩን የሚፈታው ማን ነው? አካል ጉዳተኛ አለበት ወይ? ድሃ የሆነው ልጅ ስም አለው ወይስ «ድሃው ልጅ» ተብሎ ብቻ ይጠራል? የመጨረሻዋን ጥያቄ ያስገባችው አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ናት። በጣም ነው የወደድኳት። ብዙ መጽሐፍ የወደቀው እዚያ ላይ ነው።

መቁጠሩን የተማርነው ከሌሎች ነው። አሜሪካዊቷ የንባብ ባለሙያ ናንሲ ላሪክ እ.ኤ.አ. በ1965 አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። ከ1962 እስከ 1964 በአገራቸው የወጡ 5,206 የልጆች መጻሕፍትን አስቆጠሩ። ጥቁር ሰው ያለባቸው 349 ብቻ ሆነው ተገኙ። ከመቶ ሰባት እንኳ አይሞሉም። ጽሑፋቸው የሚጀምረው በአንዲት የአምስት ዓመት ጥቁር ልጅ ጥያቄ ነው። ሥዕል ያለበት መጽሐፍ እያገላበጠች፣ ልጆቹ ለምን ሁልጊዜ ነጭ እንደሚሆኑ ትጠይቃለች። ይህን ስነግራቸው አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ «አምስት ዓመቷ ነው እኮ! እኛ ምን ስናይ ነበር?» አለ። ቆጠራውን እስከ መጨረሻው የመራው እሱ ነው።

ሥራው ቀላል አልነበረም። የእንስሳት ተረቶችን ከቆጠራው እናውጣ የሚል ሐሳብ መጣ። «እንስሳቱም ወንድና ሴት አላቸው» ብላ የተከራከረች ልጅ አሸነፈች። እውነቷን ነው። በያዝናቸው ተረቶች ውስጥ ብልጡም፣ ጀግናውም፣ ንጉሡም ወንድ ነው። ሴቷ ብዙውን ጊዜ እናት ናት፣ ወይ ደግሞ የምትታለለው እሷ ናት። በሰዎቹ ታሪኮች ውስጥም ሴት ልጆች አልጠፉም። አሉ፤ ግን ይጠብቃሉ፣ ይፈራሉ፣ ይመከራሉ። በሩን የሚከፍተው ሌላ ነው።

አንድ ታሪክ ላይ ግን ሙሉ ክፍለ ጊዜ አለቀ። ማየት የተሳነው ልጅ ታሪክ ነው። ጓደኞቹ መንገድ ያሻግሩታል፣ ቦርሳውን ይይዙለታል፣ «አይዞህ» ይሉታል። እሱ ያመሰግናል። አለቀ። አብዛኞቹ አባላት ወደውት ነበር፤ ደግነት ያስተምራል አሉ። ማየት የተሳናት አባላችን ዝም ብላ ስትሰማ ቆይታ «እሱ ግን ምን ሠራ?» አለች። መጽሐፉ ከፊት ወደ ኋላ ተገላበጠ። ልጁ ከማመስገን በቀር ምንም አልሠራም። «እኔ ሒሳብ አስጠናለሁ፣ ከወንድሜ ጋር እጣላለሁ፣ አንዳንዴም እዋሻለሁ። እሱ ለምን እንደዚህ ሆነ?» ብላ ቀጠለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥያቄዋ በሁሉም ቅጽ ላይ ሰፈረ።

ጥያቄው ብዙ ነገር ገለጠ። አካል ጉዳተኛው ወይ የሚታዘንለት ነው፣ ወይ ክፉ ሰው ሆኖ ጉዳቱ የክፋቱ ምልክት ነው፣ ወይ ደግሞ መጨረሻ ላይ በተአምር ይድናል። ካልዳነ ታሪኩ የሚያልቅ አይመስልም። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ክራንች ይዞ ትምህርት ቤት የሚመጣ ልጅ፣ ደስተኛ ፍጻሜ የሚያገኘው ክራንቹን ሲጥል ብቻ እንደሆነ እየተነገረው ያድጋል።

ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ የተባሉ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1990 መጻሕፍትን በመስታወትና በመስኮት መስለው ጽፈው ነበር። ልጅ ራሱን የሚያይበት አለ፣ የሌላውን ሕይወት የሚያይበትም አለ። ሰው ብዙ ጊዜ የማያነሳው ሌላ ነጥብም አላቸው። ሁልጊዜ ራሱን ብቻ የሚያይ ልጅም ይጎዳል፤ ዓለም ለእሱ ብቻ የተሠራች ይመስለዋል። በክበባችን ይህን ሐሳብ ከሁሉም በላይ የያዙት፣ በመጻሕፍቱ ውስጥ ራሳቸውን በየገጹ የሚያገኙት ወንዶች ልጆች ነበሩ። አልጠበቅሁትም፤ ኮራሁባቸው።

ከሁለተኛው መንፈቅ ጀምሮ፣ ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች መጻሕፍትን በድምፅ ወደ መቅረጽ ገባን። ማየት የተሳነው ፈረንሳዊ ሉዊ ብሬል በጣት የሚዳሰሰውን ባለ ስድስት ነጥብ ጽሕፈት ሲያዘጋጅ ገና 15 ዓመቱ ነበር፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1824 ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ «እኛስ?» አሉ። ብሬል ማተሚያ የለንም። ስልክ ግን አለ። አንድ ተማሪ የሰው መጽሐፍ በድምፅ መቅዳት ሕጋዊ መሆኑን ጠየቀ። ተገቢ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመውና በ2016 ሥራ ላይ የዋለው የማራካሽ ስምምነት መልስ አለው። የተቀበሉት አገሮች፣ የታተመ ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች በብሬል፣ በትልቅ ፊደል ወይም በድምፅ ቅጂ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ እንዲዘጋጅ በሕጋቸው መፍቀድ አለባቸው። ሥራው ለትርፍ መሆን የለበትም። ስለዚህ ቅጂዎቻችን ለሚያስፈልጋቸው ተማሪዎች ብቻ በቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ እጅ ይቀመጣሉ።

ፈተናው ሥዕሉ ነበር። አንባቢዋ «ከዚያም ይህን አየች» ብላ ገጹን ገለጠች። አድማጯ «ምን አየች?» አለች። መልሱ ያለው ሥዕሉ ላይ ነው! ከዚያ በኋላ ለየሥዕሉ አጭር መግለጫ መጻፍ ጀመርን። እዚህም ክርክር ተነሳ። አንዱ ጸሐፊ ጠቆር ያለችዋን ልጅ በቆዳዋ ቀለም ገልጿት፣ ሌሎቹን «ልጆች» ብሎ አልፏቸዋል። ታዲያ የሌሎቹ ለምን አልተነገረም? ልጆቹ ራሳቸው ደንብ አወጡ፤ ቀለም ከተነገረ የሁሉም ይነገራል። የዓመቱ ምርጥ ውሳኔ ብዬዋለሁ።

ክበቡ ራሱም ተለውጧል። የምንሰበሰበው ከትምህርት በኋላ ነበር። ቤት ውስጥ ሥራ የሚጠብቃቸው ልጆች፣ በተለይ ሴቶቹ፣ መቆየት አይችሉም። ወደ ምሳ እረፍት ስናዞረው ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ልብ የማይባሉ ልጆች መጡ። ስብሰባውም ወደ ምድር ቤት ወረደ፤ ደረጃ መውጣት የሚቸግረው ሰው እንዳይቀር ነው። ቤታቸው ሌላ ቋንቋ የሚናገሩ አባላት ታሪኩን መጀመሪያ በራሳቸው ቋንቋ ለጓደኛቸው እንዲተርኩ አድርገናል። በክፍል ውስጥ ዝምተኛ የነበሩት እዚህ አፋቸውን ፈቱ።

አንዳንድ ወላጆች የቆዩትን ተረቶች ልታስወግዱ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቃችኋል። አንድም መጽሐፍ ከመደርደሪያው አልወረደም፣ አይወርድምም። የሚወደድ ተረት ይነበባል፤ ጥያቄውም አብሮት ይነሳል። ለቁጥር ማሟያ ተብሎ በአንድ ገጽ ብቅ የሚል ገጸ ባሕርይም አንፈልግም። ልጆች ወዲያው ይነቁበታል።

የቆጠራው ውጤት ለቤተ መጻሕፍት ኮሚቴው ተሰጥቷል፤ አዲስ መጽሐፍ ሲገዛ ቅጹን እንደሚጠቀሙበት ተስማምተዋል። አባላቱ የጻፏቸው ታሪኮች ገና እየታረሙ ነው። አንዱ ላይ ስምምነት ስለጠፋ ሁለት መጨረሻ ይዞ ይወጣል።

የአዲስ አባላት ምዝገባ ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ጎበዝ አንባቢ መሆን አያስፈልግም። ከፊደል ጋር ገና የምትታገሉም ኑ፤ አብሯችሁ የሚያነብ ሰው እንመድባለን። ድምፃችሁ ጥርት ያለ ደግሞ ለቀረጻው በጣም እንፈልጋችኋለን።