ፊሽካ የማይሰማ ልጅ ባንዲራ ያያል

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፤

ደብረ ብርሃን ውስጥ በልብስ ስፌት የምተዳደር የሦስት ልጆች አባት ነኝ። መስከረም ላይ ለአንድ የታዳጊዎች እግር ኳስ ቡድን 22 መለያ ሰፍቼ ነበር። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ቆርጬ ጀርባው ላይ የሰፋኋቸው በገዛ እጄ ነው። 14 ቁጥርን ጨርሼ ክሩን ስበጥስ፣ አጠገቤ ቆሞ ያየኝ የነበረው የ11 ዓመት ልጄ መለያውን አንሥቶ ደረቱ ላይ ለካውና በጣቱ ወደ ራሱ አመለከተ። «የኔ ነው» ማለቱ ነበር።

ልጄ መስማት የተሳነው ነው። በሦስት ዓመቱ ማጅራት ገትር ይዞት በእግዚአብሔር ቸርነት ነፍሱ ተረፈች፤ ጆሮው ግን በዚያው ቀረ። 14 ቁጥርን ዛሬ የሚለብሰው ሌላ ልጅ ነው። ያ ልጅ ይልበሰው፣ ይደግለት፤ ቅሬታዬ በእሱ ላይ አይደለም።

የምዝገባው ቀን ቅዳሜ ነበር። የአገራችንን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ውርጩ ከሣሩ ላይ ገና አልተነሣም፣ ልጆቹ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ይዘላሉ። አሰልጣኙ ክፉ ሰው አይደለም። ያችን ትንሽ አበል ይዞ በየሳምንቱ በማለዳ የሚነሣ፣ የሰው ልጅ እንደ ልጁ የሚቆጣና የሚያባብል ወጣት ነው። ልጄንም ሳያየው አልመለሰውም፤ አስገብቶ ሞከረው።

ልጄ ግራኝ ነው፤ ኳስ ከእግሩ አትርቅም። አሥር ደቂቃ ያህል ደኅና ተጫወተ። ከዚያ ከመሀል የተሻማለትን ኳስ ተቀብሎ ሲወጣ ፊሽካ ተነፋ፤ ከጨዋታ ውጪ ነበር። ሁሉም ባሉበት ቆሙ። እሱ ብቻውን ሮጠ። በረኛውም እጁን አውርዶ ቆሞ ነበርና ኳሷን በሁለቱ ድንጋዮች መካከል አሳለፋት። ሁለት እጁን ዘርግቶ ዞር ሲል የሚያቅፈው አልነበረም። አንዳንዶቹ ይሥቁ ነበር። ሣቁ አልተሰማውም፣ ፊታቸውን ግን አየ። መስማት የተሳነው ልጅ የሰው ፊት እንዴት እንደሚያነብ እኔ አባቱ አውቃለሁ። የተዘረጉት እጆቹ ቀስ ብለው ሲወርዱ ቆሜ ተመለከትኩ።

አሰልጣኙ ወደ እኔ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ለልጁ ብዬ ነው» አለኝ። «ፊሽካ ካልሰማ ከሰው ይጋጭብኛል። አንድ ነገር ቢሆን የምጠየቀው እኔ ነኝ። ደግሞም ለእንደዚህ ዓይነት ልጆች የወረደ መመሪያ የለም።»

መልስ ሳልሰጠው ልጄን ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩ። እኔም ቢሆን እስከዚያች ቀን ድረስ «ይመቱብኛል፣ ይሥቁበታል» እያልኩ ሁለት ዓመት ሙሉ በር ዘግቼ ያስቀመጥኩት ሰው ነኝና በአሰልጣኙ ስጋት ላይ ድንጋይ ማንሣት አልቻልኩም።

መልሱን የሰጠችኝ ልጄን የምታስተምረው የልዩ ፍላጎት መምህርት ናት። መስማት የተሳናቸው የዓለም ስፖርተኞች የራሳቸው ውድድር አላቸው፤ የመጀመሪያው በ1916 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ተካሂዷል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው ማለት ነው። በእነሱ እግር ኳስ የመስመር ዳኞች ብቻ ሳይሆኑ የመሀል ዳኛውም ባንዲራ ይይዛል፤ ጥፋት ሲኖር ከፍ ያደርገዋል። በቃ፣ ይኸው ነው።

እኔ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከመለያዎቹ አንገትጌ የተረፈ ቀይ ቴትሮን ሱቄ ውስጥ ነበረኝ። ክንድ የምታህል አድርጌ ቆረጥኩት፣ ጠርዙን ሁለት ጊዜ አጥፌ ሰፋሁት፣ የመጥረጊያ እንጨት ቆርጬ አስገባሁበት። በገና ሰሞን የሠፈራችን ልጆች ሜዳ ሲወርዱ ለሚያጫውታቸው ጎረምሳ ሰጠሁትና «ፊሽካውን ስትነፋ ይህንንም አንሣ» አልኩት። የመጀመሪያውን ልጄ አላየውም። ሁለተኛውን አየው፣ ግን ዘገየ። ከዚያ በኋላ ኳስ ሲይዝ ቀና ብሎ ዳኛውን መቃኘት ለመደ፤ ጨዋታው ከማለቁ በፊት አንድ ጊዜ ከሁሉም ቀድሞ የቆመው እሱ ነበር። ነፋሱ ሲበረታ ፊሽካው ከማዶ አይሰማምና ሌሎቹም ልጆች ባንዲራውን ማየት ጀመሩ።

ባንዲራውን ይዤ ወደ አሰልጣኙ ሄድኩ። ወደደው። «መመሪያ ካልመጣ ግን በራሴ መወሰን አልችልም» አለኝ። ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ፤ ነገ ና ተባልኩ፣ ነገም ሄድኩ።

መመሪያ የለም ለሚሉኝ ሁሉ የምለው ይህን ነው። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 30 አካል ጉዳተኛ ልጆች ከሌሎች ልጆች እኩል በጨዋታ፣ በመዝናኛና በስፖርት እንዲሳተፉ መንግሥታት ያረጋግጡ ይላል። ልጄ ሳይወለድ የወጣ አዋጅ ነው። ከዚህ በላይ የሚወርድ ምን መመሪያ ይጠበቃል?

ነገሩ የልጄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጋዜጣ ላይ አላወጣውም ነበር። የጎረቤቴ ልጅ በሁለት ክራንች የምትሄድ የ13 ዓመት ልጅ ናት። ሜዳው መግቢያ ላይ የጎርፍ መውረጃ ቦይ አለ፤ መሻገሪያው ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ነው። እኛ በእርምጃ እንዘለዋለን። እሷ ክራንቿ በግንዶቹ መካከል ይገባባታል፤ በክረምት ደግሞ ግንዱ ያንሸራትታል። ስለዚህ ከቦይው ወዲህ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የወንድሟን ጃኬት ትጠብቃለች። ይህች ልጅ የምትወረውረውን ድንጋይ ርቀት አይቻለሁ፤ ክንዷ ክራንች ሲገፋ የጠነከረ ክንድ ነው። ተቀምጠው የሚወረውሩበት አሎሎ በፓራሊምፒክ እንዳለ የነገራት ሰው የለም። ለእሷ የሚያስፈልገው መጀመሪያ ሦስት ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው።

አበበ ቢቂላ የተወለደው ከከተማችን ብዙም ሳይርቅ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። በ1952 ዓ.ም. የመጨረሻ ቀን፣ ጳጉሜን 5፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማሸነፉን አባቴ ስንት ጊዜ ነግሮኛል። ቀጥሎ የመጣውን ግን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ አንብቤ ነው። በ1961 ዓ.ም. የመኪና አደጋ ደርሶበት እግሮቹ ከከዱት በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳድሯል፤ በ1962 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንድቪል። በዓመቱ ኖርዌይ ሄዶ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ ውድድር አሸንፏል። በስሙ የምንምለው ጀግናችን በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖም ስፖርተኛ ነበር። ዛሬ በዚያው ወንበር ወደ ሜዳችን ቢመጣ ቦይውን በምን ይሻገራል?

በየዓመቱ ኅዳር 24 የአካል ጉዳተኞች ቀን ሲከበር ልጆቻችን ይጠራሉ። ነጭ ካናቴራ ይሰጣቸዋል፣ ጥቂት ይሮጣሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ። ልጄ ሁለት ካናቴራ አለው። እናቱ አጥባ አጣጥፋ አስቀምጣቸዋለች። እሱ ግን የሚጠይቀኝ ስለ ቅዳሜ ነው፤ የሠፈሩ ልጆች ጫማቸውን በትከሻቸው አንጠልጥለው በበራችን ሲያልፉ በጣቱ ያሳየኛል።

የሚመለከታችሁ ኃላፊዎች ይህን ካነበባችሁ፣ መዝጋቢዎች «ምን ጎደለው?» ከማለት ይልቅ «ምን ቢደረግለት ይጫወታል?» ብለው እንዲጠይቁ እዘዙልን። አሰልጣኞቹ አንድ ልጅ ቢወድቅ ብቻቸውን እንደማይጠየቁ በጽሑፍ አሳውቋቸው፤ ፍርሃታቸው እውነተኛ ነውና። የልጄ መምህርት ጥቂት የምልክት ቋንቋ ልታስተምራቸው ፈቃደኛ ናት፤ ቁም፣ ሂድ፣ አቀብል፣ ጎበዝ። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል ብላኛለች።

የሚቀጥለው ምዝገባ ከፋሲካ በኋላ ነው ተብሏል። ስድስት ባንዲራ ሰፍቼ ሱቄ ግድግዳ ላይ ሰቅያለሁ። ከሰሜን ሸዋ የትኛውም ወረዳ የመጣ አሰልጣኝ በነጻ መውሰድ ይችላል፤ ጨርቁ ቢያልቅ ሌላ እሰፋለሁ።

አንድ ልብስ ሰፊ አባት
ከደብረ ብርሃን