ከአውሎ ነፋሱ በኋላ፦ ለአባላት በሙሉ

ውድ አባላት፣ እንኳን በሕይወት ተረፋችሁ። የተገነጠለው ቆርቆሮ ግቢ ውስጥ ተጠቅልሎ ሲታይ ቶሎ ማንሳት ያሰኛል፤ ግን ትንሽ ታገሱ። የወደቀ የኤሌክትሪክ ሽቦ ኃይል የሌለው ቢመስልም እንዳለው ቁጠሩት፤ ቢያንስ 10 ሜትር ራቁ፣ ውሃ ካቆረ ደግሞ ከዚያም በላይ።

ጄኔሬተር ያላችሁ፣ እባካችሁ ቤት ውስጥም ሆነ በረንዳ ላይ አታስነሱት። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከነፋሱ የተረፈን ሰው በተኛበት ይገድላል። መስኮት መክፈት አይበቃም።

ከማጽዳታችሁ በፊት ጉዳቱን ፎቶ አንሱ፤ ኢንሹራንስ ያላችሁ ፎቶውን ትጠየቃላችሁ። መብራት ከጠፋ ከ4 ሰዓት በላይ ከሆነ ፍሪጅ ውስጥ ያለውን ሥጋና ወተት ጣሉት (አሽትቶ መፍረድ አያዋጣም)። ብቻቸውን ለሚኖሩ አባላት ዛሬውኑ ደውሉ፤ ስልክ ካልሠራ በራቸውን አንኳኩ። መጋዝ ያለው ሰው ያሳውቀን።