የሳይንስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ከባዘቶ እስከ ተልባ

የትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ ቀደም ባሉት ዓመታት በየወሩ ርዕስ እየቀያየረ ትንንሽ ሙከራዎችን ሲያሳይ የቆየ ሲሆን፣ በዘንድሮው የትምህርት ዘመን ግን ከጥቅምት እስከ ግንቦት በአንድ ጉዳይ ላይ ብቻ ሠርቷል። ጉዳዩም ከእጽዋት የሚገኙ ነገሮች ቁስልን ለመሸፈንና ፈውሱን ለማገዝ እንዴት እንደሚያገለግሉ መመርመር ነው። ርዕሱ የተመረጠው አባላቱ በየቤታቸው ቁስል ላይ ምን እንደሚደረግ በጽሑፍ እንዲያቀርቡ ከተጠየቁ በኋላ ነበር። ከቀረቡት መልሶች መካከል የብሳና ቅጠል፣ እሬት፣ የቡና ዱቄት፣ ቅቤ፣ ማር፣ ለቃጠሎ ደግሞ የጥርስ ሳሙና ይገኙበታል። እያንዳንዱ ነገር ቁስሉ ላይ ሲያርፍ የሚሠራው ሥራ ምን እንደሆነ ሲጠየቁ ግን አብዛኞቹ ያደርቃል ወይም ያሽራል ከማለት አልፈው ሊያስረዱ አልቻሉም። ክበቡ ዓመቱን ሙሉ የደከመው ከዚህ አጠቃላይ አነጋገር ወጥቶ ሊመዘንና ሊለካ የሚችል ነገር ለማግኘት ነው።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት አንድ ደንብ ተጽፎ በቤተ ሙከራው በር ላይ ተለጥፏል። በክበቡ የሚዘጋጅ ማንኛውም ነገር በሰውም ሆነ በእንስሳ ገላ ላይ፣ ጭረት ላይም ቢሆን፣ አይደረግም። ይህ ደንብ ከጥንቃቄም በላይ ጠቅሞናል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም «ያድናል ወይስ አያድንም?» የሚለውን፣ በትምህርት ቤት አቅም ሊመለስ የማይችል ጥያቄ ትተን፣ ምን ያህል ፈሳሽ ይይዛል፣ እንፋሎት ያሳልፋል ወይ፣ እርጥብ ሲሆን ይበጣጠሳል ወይ፣ ሻጋታ ያበቅላል ወይ ወደሚሉት፣ በሚዛንና በሰዓት ሊመለሱ ወደሚችሉት ጥያቄዎች እንድናዘነብል አስገድዶናል።

ቁስል ራሱ ምን እንደሚፈልግ ለማወቅ በአቅራቢያችን ካለው ጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ ጋብዘን ነበር። ሲስተር ለአባላቱ እንዳስረዱት፣ ደም ከረጋ በኋላ አካባቢው የሚቀላውና የሚያብጠው ሰውነት ጀርምንና የሞተ ሥጋን በሚያጸዳበት ወቅት ነው፤ ከዚያም አዲስ ሥጋና ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበቅላሉ፣ የቆዳ ህዋሳትም ከዳር ወደ መሃል እየተጓዙ ክፍተቱን ይሸፍናሉ፤ ጠባሳው እየጠነከረ የሚሄድበት ጊዜ ደግሞ ወራትን አልፎ ከዓመት በላይ ሊዘልቅ ይችላል። በአፈር የተነካካ ቅጠል መንጋጋ ቆልፍ ሊያስከትል እንደሚችል፣ ለቃጠሎም ከሁሉ የሚቀድመው ለ20 ደቂቃ ያህል ንጹሕና ቀዝቀዝ ያለ ውኃ ማፍሰስ መሆኑን አጥብቀው ነግረዋቸዋል። ተማሪዎቹ ይህን የመጨረሻውን ምክር በየቤታቸው እንዳደረሱት በኋላ ከወላጆች ሰምቻለሁ፤ ክበቡ ሌላ ምንም ባይሠራ እንኳ በዚህ ብቻ ደስ ይለኛል።

አባላቱን ከሁሉ ይበልጥ ያከራከረው ግን የእርጥበት ጉዳይ ነው። በየቤታችን «ቁስሉን አየር ይንካው፣ ይድረቅ» ሲባል ያደግን በመሆናችን፣ እርጥበትን የሚጠብቅ መሸፈኛ ይጠቅማል የሚለውን ሐሳብ መቀበል ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1962 ጆርጅ ዊንተር የተባለው ተመራማሪ በአሳማዎች ቆዳ ላይ ባደረገው ጥናት፣ በስስ ፕላስቲክ ተሸፍኖ እርጥበቱ የተጠበቀለት ቁስል ለአየር ተጋልጦ ከደረቀው በእጥፍ ያህል ፍጥነት በአዲስ ቆዳ እንደተሸፈነ አሳይቷል። ምክንያቱም የደረቀ ቅርፊት ሲኖር አዲሶቹ ህዋሳት ከቅርፊቱ ሥር እርጥበት ያለበትን መንገድ ፈልገው መሄድ ስለሚኖርባቸው ነው። በሌላ በኩል እዥ ከልክ በላይ ሲጠራቀም ጤነኛውን ቆዳ በእርጥበት አለስልሶ ይጎዳል። ስለዚህ ጥሩ መሸፈኛ የሚባለው ትርፉን ፈሳሽ የሚመጥ፣ አስፈላጊውን እርጥበት ግን የማያሳጣ ነው። የዓመቱ ሙከራዎች በሙሉ የተመዘኑት በዚህ መለኪያ ነው።

የጀመርነው ከጥጥ ነው። ከገበያ የተገዛውን ፍሬው ያልወጣ ጥጥ አባላቱ ራሳቸው ዳምጠው፣ በደጋን ነድፈው ባዘቶ አደረጉት፤ ይህንን ሥራ ከአያቶቻቸው ያዩ ሁለት ተማሪዎች ለሌሎቹ አስተማሩ። ከዚያም ከባዘቶው ጥቂት ወስደው ውኃ በተሞላ ቢከር ላይ አስቀመጡ። ባዘቶው ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ተንሳፎ ቀረ፤ ከላይ ሲጫኑት ሰምጦ ሲለቁት ይመለስ ነበር። የጥጥ ጭረት (ባዘቶው የተሠራበት ቀጭን ክር) 90 በመቶ ያህሉ ሴሉሎስ የተባለው የእጽዋት ህዋሳት ግድግዳ የሚሠራበት ነገር ነው፣ ሴሉሎስም ውኃ ይወዳል ብለን በክፍል ያስተማርናቸው ተማሪዎች ባዩት ነገር ግራ ቢጋቡ አያስገርምም። ምስጢሩ ተክሉ ጭረቱን በውጭ በኩል በስስ የሰምና የፔክቲን (ሙጫ መሰል የእጽዋት ነገር) ሽፋን የሚለብጠው መሆኑ ነው። ያንኑ ባዘቶ ሶዲየም ካርቦኔት (የማጠቢያ ሶዳ) በተበጠበጠበት ውኃ ቀቅለው፣ ደጋግመው አጥበውና አድርቀው እንደገና ሲያስቀምጡት ግን ወዲያውኑ ውኃውን መጦ ሰመጠ። የአውሮፓ የመድኃኒት መመዘኛ ለቁስል የሚውል ጥጥ ከ10 ሴኮንድ ባልበለጠ ጊዜ እንዲሰምጥና አንዱ ግራም ቢያንስ 23 ግራም ውኃ እንዲይዝ ያዝዛል። የእኛ ባዘቶ የመስመጫውን ጊዜ አሟልቶ በመያዝ አቅሙ ግን ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ የዚህም ምክንያት ስናደርቀው ጭረቶቹ ተጣብቀው በመካከላቸው የነበረው ባዶ ቦታ ስለጠበበ እንደሆነ ካረጋገጡ በኋላ፣ ተማሪዎቹ የደረቀውን ጥጥ ዳግመኛ ነድፈው ውጤቱን አሻሽለዋል። መምጠጥ የጭረቱ ብቻ ሳይሆን በጭረቶች መካከል ያለው ክፍተትም ሥራ መሆኑን ከመጽሐፍ ይልቅ በዚህ መንገድ መማራቸው ትልቅ ነገር ነው።

ጥጥ ብቸኛው አማራጭ ሆኖ አያውቅም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጥጥ ለጥይት ባሩድ ጭምር ሲፈለግና ሲያጥር፣ ብሪታንያውያን ስፋግነም የተባለውን የረግረግ ሳረንስት ለቅመው፣ አድርቀውና በከረጢት ሰፍተው ለቁስለኞች አውለውታል፤ ይህ ተክል ከክብደቱ 20 እጥፍ ያህል ፈሳሽ መያዝ ይችላል። ዛሬ በሆስፒታሎች በስፋት የሚሠራበት የካልሲየም አልጂኔት መሸፈኛ ደግሞ ከቡናማ የባሕር አልጌ የሚገኝ ሲሆን፣ አልጌው በጥብቅ አነጋገር እጽዋት ባይባልም የአሠራሩ ውበት ግን በክበቡ ውስጥ ሰፊ ጊዜ ተሰጥቶታል። የአልጂኔት ሞለኪውሎች በካልሲየም ተያይዘው ጭረት ይሆናሉ፤ ጭረቱ እዥ ሲነካው በእዡ ውስጥ ያለው ሶዲየም የካልሲየሙን ቦታ ስለሚወስድ ጭረቱ ቀስ በቀስ አብጦ ወደ ጄል ይለወጣል፤ ስለዚህም ሲነሳ አዲሱን ሥጋ ይዞ አይነሳም። የሚለቀቀው ካልሲየምም ደም እንዲረጋ ያግዛል።

አገራችን የባሕር አልጌ ባይኖራትም ዝልግልግ ነገር የሚሰጡ እጽዋት ሞልተዋታል፤ ተማሪዎቹ የመረጡት ተልባን ነው። የተልባ ፍሬ በሞቀ ውኃ ሲዘፈዘፍ ከውጨኛው ልጣጩ የሚወጣው ዝልግልግ ፈሳሽ ከስኳር ሞለኪውሎች ሰንሰለት የተሠራ ነው። ፈሳሹን በነጠላ አጥልለው፣ በዝርግ ሳህን ላይ አፍስሰው ጥላ ውስጥ ሲያደርቁት ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ገለፈት ሆነ፤ ነገር ግን ሲታጠፍ ይሰነጠቅ ነበር። ጥቂት ግሊሰሪን ሲጨመርበት እንደ ጨርቅ የሚታጠፍ ሆነ፤ ግሊሰሪኑ በሰንሰለቶቹ መካከል ገብቶ እንዲንሸራተቱ ስለሚያደርግ ነው። ውኃ የያዙ ብልቃጦችን አፍ በዚህ ገለፈት፣ በፕላስቲክና በነጠላ ከድነው፣ አንዱንም ክፍት ትተው በየቀኑ ሲመዝኑ፣ የተልባው ገለፈት ከፕላስቲኩ እጅግ የበለጠ፣ ከነጠላው ግን ያነሰ እንፋሎት እንዳሳለፈ አገኙ። ይህ ለቁስል መሸፈኛ የሚፈለገው ጠባይ ነው።

ድክመቱም በቶሎ ታየ። ሙያተኞች በሙከራ ጊዜ የቁስልን ፈሳሽ ለመተካት በአንድ ሊትር ውኃ 8.3 ግራም ያህል ጨውና ጥቂት ካልሲየም ክሎራይድ በጥብጠው ይጠቀማሉ፤ እኛም ይህንኑ አዘጋጅተን ገለፈቱን ስንነክረው መጀመሪያ አበጠ፣ ከዚያ ተበታተነ። በተልባው ፈሳሽ ውስጥ ሰንሰለቶቹን አጥብቆ የሚያስር ነገር ስለሌለ ነው። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ የተልባውን ፈሳሽ ባጸዳነው ጥጥ ላይ አፍስሰን እናድርቅ የሚል ሐሳብ አቀረበች፤ በዚህ መንገድ የተሠራው ጥጥ ጥንካሬውን ሲሰጥ ተልባው እርጥበቱን ጠብቆ፣ ሁለቱ ተደጋግፈው ገለፈቱ ብቻውን ከቆየው በላይ ቆዩ። በክበቡ ዓመት ውስጥ ከሁሉ የላቀው ሥራ ይህ ነው ብዬ እመሰክራለሁ። ሆኖም በእርጥብ ሳህን ውስጥ የተተወው ናሙና በጥቂት ቀናት ሻጋታ ለበሰ። ለሰው ምግብ የሆነ ነገር ለጀርምም ምግብ ነው፤ በግፊት ድስት ቀቅለን ልናጸዳው ስንሞክር ደግሞ ገለፈቱ ቀለጠ። ፋብሪካዎች መሸፈኛዎችን ካሸጉ በኋላ በጨረር ወይም በጋዝ ከጀርም የሚያጸዱት ለምን እንደሆነ፣ በቤት የሚዘጋጅ ቅባትም ምን ያህል አደገኛ ሊሆን እንደሚችል ለተማሪዎቹ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም።

ከተፈጥሮ የተገኘ ሁሉ ገር ነው የሚለው እምነት በውይይቶቻችን ደጋግሞ ተነስቷል። በዚህ ረገድ የፓፓያ ታሪክ ጠቃሚ ነው። ከፓፓያ የሚገኘው ፓፔይን የተባለ ኢንዛይም የሞተ ሥጋን ስለሚያሟሟ በቁስል ቅባቶች ውስጥ ለብዙ ዓመታት አገልግሏል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ግን የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ ከባድ አለርጂ ማስከተሉን የሚገልጹ ሪፖርቶች ስለደረሱት፣ ፈቃድ ያልነበራቸው እነዚህ ቅባቶች ከገበያ እንዲወጡ አዟል። እሬትንም በተመለከተ ተማሪዎቹ ቅጠሉን ሰንጥቀው፣ ከልጣጩ ሥር የሚፈሰውን ቢጫና መራራ ፈሳሽ ከመካከሉ ጥርት ያለ ጄል ለይተው አይተዋል፤ ጄሉም በአብዛኛው ውኃ ነው። ኮክሬን በተባለው፣ የሕክምና ጥናቶችን በሚመረምር ዓለም አቀፍ ድርጅት ስም የሚሠሩ ገምጋሚዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ያሉትን ጥናቶች መርምረው፣ እሬት ቁስልን እንደሚያድን የሚያረጋግጥ ጥራት ያለው ማስረጃ እንዳላገኙ ጽፈዋል። ይህ እሬት አይጠቅምም ማለት እንዳልሆነ፣ ጥሩ ጥናት ገና ያስፈልጋል ማለት እንደሆነ ለመግባባት አንድ ሙሉ ስብሰባ ፈጅቶብናል፤ የፈጀው ጊዜም አያስቆጭም። ጥናቱ ሲሟላ ምን እንደሚመስል ያየነው ከበርች ዛፍ ቅርፊት ነው፤ ከእርሱ የተሠራ የቁስል ጄል ተገቢውን ምርመራ አልፎ እ.ኤ.አ. በ2016 በአውሮፓ ኅብረት ፈቃድ አግኝቷል።

በመጨረሻዎቹ ሳምንታት የ11ኛ ክፍል አባላት ስለ አዲሱ ምርምር ገለጻ አቅርበዋል። በካናዳ የኦታዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 የፖምን ህዋሳት በሳሙና መሰል ኬሚካል አጥበው አውጥተው፣ በቀረው የሴሉሎስ ቤት ውስጥ የአጥቢ እንስሳት ህዋሳትን አሳድገዋል፤ በአሜሪካ የዉስተር ፖሊቴክኒክ ተቋም ባልደረቦች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 በታጠበ የስፒናች ቅጠል ላይ የልብ ህዋሳት እንዲመቱ አድርገዋል። ተማሪዎቹ የጨንቻ ፖም በስሱ ቆርጠው በሳሙና ውኃ ውስጥ ቢያቆዩት ነጣ፤ ህዋሳቱ ሙሉ በሙሉ መውጣታቸውን በማይክሮስኮፕ ለመለየት የሚያስችል ማቅለሚያ ግን በወቅቱ አልነበረንም።

ውጤቶቹ በሙሉ በግንቦት ወር በተካሄደው የትምህርት ቤቱ የሳይንስ ቀን በአማርኛ በተዘጋጁ ሰሌዳዎች ለወላጆች ቀርበዋል። የሙከራ መዝገቦቹ፣ ያልተሳኩትም ጭምር፣ በቤተ መጻሕፍቱ ስለሚገኙ ማንኛውም ተማሪ ማንበብ ይችላል። ለሚቀጥለው ዓመት የታሰበው ከእንሰት የሚገኙትን ቃጫና ቡላ መመርመር ነው፤ ቃጫው ተቀቅሎ እንደ ጥጥ ውኃ ይመጥ እንደሆነ፣ የቡላው ስታርችም ከተልባው የበለጠ የማይበተን ገለፈት ይሰጥ እንደሆነ ይለካል። ለዚህ ሥራ እስከ 0.01 ግራም የሚመዝን ሚዛንና ሜቲሊን ብሉ የተባለ ማቅለሚያ እንዲገዙ ለትምህርት ቤቱ አስተዳደር ጥያቄ ቀርቧል፤ አዲስ አባላት የሚመዘገቡት በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ነው።